«ስትወልጂ ይተውሻል»

የወር አበባ የሚያማት ሴት ይህን ሳትሰማ አታድግም። ልጅቷ የ16 ዓመት ተማሪ ናት፤ ነገ ፈተና አለባት፤ የሚሰጣት ምክር ግን መውለድ ነው!

አባባሉ ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ከወለዱ በኋላ የቀለላቸው ብዙ ናቸው። ግን እስከዚያ ምን ይደረግ? ደግሞስ ያልተዋት?

ማህፀን ጡንቻ ነው። በወሩ እርግዝና ካልተፈጠረ የውስጠኛው ሽፋን ይፈርስና ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል። ይሄ ንጥረ ነገር ማህፀኑ ተኮማትሮ የፈረሰውን እንዲያስወጣ ያደርገዋል። ሲበዛ ግን ጡንቻው ከልክ በላይ ይጨመቃል፣ የራሱን የደም ሥሮች ያጠብባል፣ ደም ሲያንሰው ደግሞ ያማል። ቁርጠቱ ይሄው ነው። ንጥረ ነገሩ አንጀትንም ስለሚነካ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ይከተላል። «ምን በልተሽ ነው?» እየተባለች የምትጠየቀው ልጅ ምንም አልበላችም።

እ.ኤ.አ. በ1971 እንግሊዛዊው ጆን ቬን አስፕሪንና መሰሎቹ ሰውነት ፕሮስታግላንዲን እንዳያመርት እንደሚያግዱ አሳየ፤ በ1982 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ። አይቡፕሮፊን (ከአሜሪካ የሚላክልን አድቪል ማለት ነው) እና ዲክሎፌናክ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ማምረቱን ያግዳሉ እንጂ አስቀድሞ የተመረተውን አያጠፉም። ስለዚህ ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው፤ ደሙ እንደታየ ወይም ሕመሙ ገና ሲጀምር መውሰድ።

ዶርም ውስጥ የምናየው የዚህን ተቃራኒ ነው። ልጅቷ ጉልበቷን አቅፋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትታገሳለች። «መድኃኒቱን ከለመድኩት መሃን ያደርገኛል» ትላለች። ላብ ሲያጠምቃትና ሲያስመልሳት ጓደኛዋ ከቦርሳዋ አንድ ፍሬ ፈልጋ ትሰጣታለች፤ በባዶ ሆድ ትውጣለች፤ ከዚያ «መድኃኒት ለእኔ አይሠራልኝም» ይባላል። በወር ሁለት ሦስት ቀን በልኩ መውሰድ ሱስ አያስይዝም፣ መሃንም አያደርግም። ጨጓራን ግን ይጎዳል፤ ምግብ ቀምሶ መውሰድ ግድ ነው። በጾም ሰሞን ይሄን አስቢበት። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም አስም ያለባት፣ ነፍሰ ጡርም ልትሆን የምትችል ሴት ሐኪም ሳትጠይቅ አትውሰድ።

ሙቀትም የሚናቅ አይደለም፤ በጥናት የተደገፈ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልተሽ፣ በነጠላ ጠቅልለሽ ከእምብርትሽ በታች አድርጊው። የፈላ ውሃ እንዳትጨምሪበት፤ ጠርሙሱ ተጨማዶ አልጋሽን ያጥለቀልቀዋል።

አሁን መድኃኒትም ሙቀትም ወደማያስታግሰው ሕመም እንሂድ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ ኢንዶሜትሪዮሲስ አለባቸው። የማህፀንን ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ፣ በእንቁላል ማምረቻው ላይ ወይም አንጀት አካባቢ ያድጋል። በአልትራሳውንድ ላይታይ ስለሚችል «ምንም የለሽም» የተባለች ሴት ሁሉ ምንም የላትም ማለት አይደለም። ሚዮማ የሚባል የማህፀን እጢም አለ፤ እሱ በአብዛኛው ደም በማብዛት ይታወቃል።

ሕመምሽ ከዓመት ዓመት እየባሰ ከሄደ፣ ደሙ ከመምጣቱ ቀናት በፊት ጀምሮ ካቆመም በኋላ ካልለቀቀሽ፣ በግንኙነት ወይም ሽንት ቤት ስትቀመጪ የሚያምሽ ከሆነ፣ ሞዴስ በየሰዓቱ የምትቀይሪ ከሆነ፣ ይሄ ሴት በመሆንሽ የምትከፍይው ዕዳ አይደለም። የማህፀን ሐኪም ጋ ሂጂ። መቼ እንደጀመረሽ፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ምን ወስደሽ ምን እንደሆነ ስልክሽ ላይ እየጻፍሽ ያዥና አሳዪው። ሳይመረምርሽ «ኖርማል ነው» ብሎ ከሸኘሽ ሌላ ሐኪም ፈልጊ።