የባርቤዶሱ ወታደርና የሚዳቀኝ ገበሬ

የልቦለዱን መርማሪ ሼርሎክ ሆምስን በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው ሆምስን ሆኖ የተወነውን ጀረሚ ብሬትን አይረሳም። ግራናዳ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1994 ያሳየው ይህ ድራማ በጋሪና በጋዝ መብራት ዘመን ወደነበረችው ለንደን ይወስደናል። ሱሪ ላይ ከተፈናጠረ ጭቃ የሰውን መንገድ የሚያነብ የሆምስ ዓይን ከየት መጣ?

የመጣው ከሐኪም ቤት ነው። የሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል በኤዲንብራ ሕክምና ሲማር የዶክተር ጆሴፍ ቤል ረዳት ነበር፤ ታካሚዎችን እየመዘገበ ያስገባል። ዶይል በሕይወት ታሪኩ አንድ ቀን ያየውን ጽፎታል። አንድ የማይታወቅ ታካሚ ገባ። ቤል አየት አደረገውና ወታደር እንደነበረ፣ በስኮትላንድ ደገኞች ክፍለ ጦር እንዳገለገለ፣ የበታች ሹም እንደነበረ፣ በቅርቡ እንደተሰናበተና ባርቤዶስ ደሴት እንደቆየ ነገረው። ሰውየው ሁሉንም አመነ። ተማሪዎቹ ግራ ሲገባቸው ቤል አስረዳቸው፦ ሰውየው ጨዋ ነው፣ ባርኔጣውን ግን አላወለቀም፤ የወታደር ልማድ ነው፤ ከተሰናበተ ቢቆይ ኖሮ በተወው ነበር። ባርቤዶስን የነገረው ግን ሕመሙ ነው። ዝሆኔ ነበረበት፤ ዝሆኔ ደግሞ የዚያ አካባቢ ደሴቶች እንጂ የብሪታንያ በሽታ አልነበረም።

ሆምስ እ.ኤ.አ. በ1887 ለመጀመሪያ ጊዜ በልቦለድ ብቅ አለ። ዶይል በ1892 ያሳተመውን የሆምስ ታሪኮች መድበል መታሰቢያነት ለመምህሩ ለቤል ሰጠ።

ዝሆኔ በእኛ ደጋም አለ፤ እዚህ ግን ምርመራው ከበድ ያለ ነበር። በሌላው ዓለም ዝሆኔን በአብዛኛው የሚያመጣው በትንኝ የሚተላለፍ ትል ነው። ትሉ በብርዳማ ደጋ አይሰራጭም። ታዲያ ከአምቦ በላይ ያለ የደጋ ገበሬ እግሩ ለምን ያብጣል?

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኦመን የተባለ ተመራማሪ ገበያ ለገበያ እየዞረ ያበጡ እግሮችን ቆጠረ። ቀጥሎ ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ጉዳዩን ያዘው። እብጠቱ ከእግር ጣቶች ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ የሚታመመው በባዶ እግሩ የሚያርስ ነው፤ በሽታው የበዛበት ስፍራ ሁሉ ከእሳተ ገሞራ ዓለት የተገኘ ቀይ አፈር አለው። ፕራይስ የታካሚዎችን ንፍፊት በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ከአፈሩ የገቡ እጅግ ደቃቅ የማዕድን ብናኞች አገኘ። ጥፋተኛው የሚረገጠው መሬት ራሱ ነበር።

በምዕራብ ሸዋ፣ በሚዳቀኝ ወረዳ፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ይህንኑ አጣሩ። ከእነሱ አንዱ ብዙ ሰው በፖለቲካ የሚያውቃቸው የባዮሎጂ ሊቁ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ ናቸው። ትሉ ደም ውስጥ የሚወጣው ሌሊት ስለሆነ ደሙም በሌሊት መመርመር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ውጤታቸው ተጠርጣሪውን ትል ነፃ አደረገው፤ በወረዳው የተንሰራፋው በአፈር የሚመጣው ዝሆኔ ነው። በዚያው ዓመት ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለ አሳዩ። በአንድ ማሳ ውለው አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፈው በዚህ ነው።

ይህ ማስረጃ ለእኔ ከየትኛውም የሆምስ ታሪክ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ንጹሐን ሲቀጡ ኖረዋል። በሽታው በአንዳንድ ቤተሰብ ስለሚበረታ እርግማን ተብሏል፤ ጋብቻ ፈርሶበታል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተውበታል። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። በአገሪቱ ከ1.5 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች እንዳለባቸው ይገመታል።

በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ እግሩ ማበጥ የጀመረ ሰው ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በየቀኑ እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሳል። ልጆችም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጫማ ካደረጉ በሽታው ጨርሶ ላይነካቸው ይችላል።