ክራር መሥራት ምርምር የሚሆነው መቼ ነው?

ሮቤና ጎባ ዝናቡ ሲከብድ የክራር ቆዳ እርጥበት ይስብና ይረግባል፤ ክሮቹም አብረው ስለሚላሉ ቅኝቱ ይወርዳል። ተጫዋቹ ክሩን መልሶ ይወጥርና ይቀጥላል። አንድ ሰው ግን ቆዳውን በስስ እንጨት ተክቶ አዲስ ክራር ሠራ እንበል። ይሄ ጥበብ ነው ወይስ ምርምር?

"ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከተሠራ ምርምር ነው" እንዳትሉኝ። መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተሠራ ክራርም ዝም ብሎ ክራር ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው ጥያቄው ላይ ነው።

ሙላቱ አስታጥቄን ተመልከቱ። መጀመሪያ ወደ ብሪታንያ የሄዱት ምህንድስና ሊማሩ ነበር (እኛ መሐንዲሶች ይህችን ነገር መጥቀስ እንወዳለን)። እ.ኤ.አ. በ2007 እና 2008 ሃርቫርድ ራድክሊፍ ተቋም በነበሩበት ጊዜ ባህላዊ መሣሪያዎችን በማዘመን ላይ ሠርተዋል። ጥያቄው ሲጠቃለል፦ ክራር ለዛውን ሳያጣ 12ቱንም ቃናዎች መጫወት ይችላል ወይ?

ቀላል ይመስላል አይደል? ክራር 6 ክር ቢኖረውም የሚቃኘው በ5 ድምፅ ነው፤ አንዱ ክር ያንኑ ድምፅ ከፍ አድርጎ ይደግማል። እንደ ጊታር በጣት ተጭነን ድምፁን ስለማንቀይር ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሻገር እንደገና መቃኘት ግድ ነው። ክሩን 12 ብናደርገውስ? ከላይ ያለው አግዳሚ እንጨት የሚሸከመው ጭነት እጥፍ ይሆናል። ክሩን የሚያሳጥር ትንሽ ብረት ብንገጥምስ? ክር በ5.6 በመቶ ገደማ ሲያጥር ድምፁ በግማሽ ቃና ይጨምራል፤ ለ50 ሳንቲ ሜትር ክር 2.8 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ብረቱ ለዛውን ቢያጠፋውስ? እዚህ ጋ ስሌት አያዋጣም። ሠርቶ፣ ተጫውቶ፣ አዳምጦ ማየት ነው። የተጫዋቹ ጆሮም እንደ መለኪያ መሣሪያ ይቆጠራል።

በጥበብ ሥራ የሚካሄድ ምርምር የሚባለው ይኸው ነው፦ መልሱ የሚገኘው በመሥራት ብቻ ሲሆን። ግን "ደስ ይላል" ብሎ ማለፍ አይበቃም። ክራር ሠሪዎቻችን ይህን ሁሉ በእጃቸው ሲሞክሩ ኖረዋል፤ ያልተጻፈው ሙከራ ግን ከሠሪው ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ ሁለቱን ክራሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ። መጠናቸውና ክራቸው አንድ ይሁን፣ የሚለያዩት በቆዳና በእንጨት ብቻ። ክረምቱን ሙሉ ጠዋትና ማታ ቅኝታቸውን በስልክ መቃኛ ለክታችሁ መዝግቡ፤ ያልተሳካውንም ጨምራችሁ። ከዚያ ጥሩ ተጫዋች ፈልጉና ሁለቱንም ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን አትንገሩት።