በጾመ ነቢያት የመጡ ሁለት እንግዶች

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል የእንግድነት በዓል ነው። ቅድስት ድንግል ማርያም በቤተ ልሔም ማደሪያ ባጣች ጊዜ በከብቶች በረት እንደ ወለደችው፣ ሰብአ ሰገልም ከምሥራቅ ተነሥተው እጅ መንሻ ይዘው እንደ ሰገዱለት ወንጌል ያስተምረናል። ከሩቅ አገር የመጡት እነዚያ ሰዎች በቋንቋም በአምልኮም ከቤተ ልሔም ሰዎች የተለዩ ነበሩ። ክቡራን አንባብያን! ዛሬ የምንተርክላችሁም ባለፈው ዓመት በጾመ ነቢያት ወደ ቤታችን ስለ ገቡ ሁለት እንግዶች ነው።

ቆቃ ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው በአሮጌው መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀው ግድብ አዋሽን ገትቶ ሐይቅ ካደረገው ወዲህ ነዋሪዋ ከውኃው ዓሣ እያሰገረ፣ ከዳርቻው ቲማቲምና ሽንኩርት እያመረተ ይኖራል። ሰማዩ በጠራ ዕለት በምዕራብ በኩል የዝቋላ ተራራ ይታያል። ከግብፅ ምድር መጥተው በዚያ ተራራ ስለ ኢትዮጵያ ሲጸልዩ የኖሩት የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም እዚያ ነው። ስለዚህ የዚህ አካባቢ ሰው ከባሕር ማዶ ለእግዚአብሔር አገልግሎት የመጣ እንግዳ ምን ማለት እንደሆነ ከአባቶቹ ያውቃል።

ታኅሣሥ 16 ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት መኪና ቆቃ ላይ ተበላሽታ ቆመች። ነጂው መካኒክ ፍለጋ ሲሄድ ሁለት ወጣቶች በመንገዱ ዳር ቀሩ። አንደኛው ፈረንጅ፣ ሁለተኛው ዩጋንዳዊ ነበር። ሁለቱም ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር የስም ምልክት ለጥፈዋል። ፀሐይ ላይ እንደ ቆሙ አይቼ ወደ ቤቴ ጋበዝኋቸው። ፈረንጁ አማርኛ ገና የሚኮላተፍ የ19 ዓመት ልጅ ሲሆን፣ ከአሜሪካ የዩታ ግዛት እንደ መጣና ወደ ሐዋሳ እንደሚሄዱ ነገረኝ። በተለምዶ «ሞርሞን» የሚባለው የእምነት ተቋም መልእክተኞች ነበሩ። ተቋሙ ራሱን የሚጠራው «የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን» በማለት ነው።

ያልተጠጣው ቡና

እናቴ እንደ አገራችን ወግ ቄጠማ ጎዝጉዛ ቡና አፈላች። ወጣቶቹ ግን በአክብሮት እጅ ነሥተው ቡና እንደማይጠጡ ተናገሩ። እናቴ ፊቷ ጠቆረ። «ልጆቼ፣ ቤቴ ገብታችሁ ቡናዬን እንቢ ማለት ምን ማለት ነው?» አለቻቸው።

ዩጋንዳዊው ቀስ ብሎ አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1833 በእምነታቸው መሥራች በጆሴፍ ስሚዝ የተሰጠ ሕግ ቡናን፣ ሻይን፣ አልኮልንና ትምባሆን ይከለክላቸዋል። እኔም በበኩሌ ለእናቴ አንድ ነገር አስታወስኋት። በአገራችን ክርስቲያኖች ዘንድም ቡና ለረጅም ዘመን ይጠላ ነበር፤ በሰፊው የተለመደው ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ነው። እናቴ «እንግዲያው እንደ ድሮ አባቶቻችን ናቸው» ብላ ሳቀችና ሽሮና ጎመን አቀረበች። እነርሱም ዓይናቸውን ጨፍነው ጸልየው በሉ።

የወጣቶቹ ውሎ

ምግቡ እስኪነሣ ስለ ኑሯቸው ጠየቅኋቸው። ወንዶች ለ2 ዓመት፣ ሴቶች ለ18 ወር ያገለግላሉ። ለወንዶች የነበረው የ19 ዓመት የዕድሜ ወሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 18 ዝቅ ተደርጓል። የሚላኩበትን አገር ራሳቸው አይመርጡም፤ ከሶልት ሌክ ሲቲ ከዋናው ጽሕፈት ቤት በሚላክ ደብዳቤ ይነገራቸዋል። ደመወዝ የላቸውም። ከአሜሪካ የሚላክ ወጣት ራሱ ወይም ቤተሰቡ በወር 400 ዶላር ያዋጣ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ይህ 500 ዶላር ሆኗል።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይነሣሉ። ሰውነታቸውን አፍታተው ከጸለዩና ቁርስ ከበሉ በኋላ መጽሐፍ ያነባሉ፤ የአገሩንም ቋንቋ ያጠናሉ። ከዚያ እስከ ምሽት ያስተምራሉ፤ የታመመ ይጠይቃሉ፤ በጉልበት ሥራ ያግዛሉ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ይተኛሉ። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ እንደ ላከ፣ እነርሱም ብቻቸውን አይሄዱም። በሳምንት አንድ ቀን ልብስ ያጥባሉ፤ ለቤተሰብም ይጽፋሉ። የሴት ጓደኛ መያዝ በአገልግሎት ዘመን የተከለከለ ነው፤ መዋኘት እንኳ አይፈቀድላቸውም። ይህን የሰሙ የሰፈራችን ልጆች ሐይቅ አጠገብ ቁጭ ብሎ አለመዋኘት እንዴት ይቻላል ብለው ተደነቁ።

በስም ምልክታቸው ላይ የተጻፈው «ኤልደር» የሚለው ቃል ትርጉሙ «ሽማግሌ» ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ጢም ያላወጣውን ልጅ እያየች «ይህ ደግሞ የማን አገር ሽማግሌ ነው?» አለች። ሆኖም የእኛም «ቀሲስ» የሚለው ማዕርግ ከሶርያ ቋንቋ የመጣና ሽማግሌ ማለት መሆኑን አስታወስሁ። ልጁም በተራው ሥራዬን ጠየቀኝ። ዲያቆን መሆኔን ስነግረው ደስ ብሎት «እኔም የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ ዲያቆን ነበርሁ» አለ። በእነርሱ ዘንድ ዲቁና ለልጆች የሚሰጥ የመጀመሪያ ማዕርግ ነው። በእኛም ዘንድ በልጅነታቸው ዲቁና የሚቀበሉ ብዙዎች ስለሆኑ በዚህ ተሳሳቅን። እኔ ግን ከአርባ ዓመት በላይ ሆኜ ገና በዲቁና መኖሬ አስገረመው።

አንድ የማንሆንበት

እንግዳን ማክበር እውነትን መደበቅ አይደለምና፣ የሚለየንንም ተነጋገርን። ተቋማቸው እ.ኤ.አ. በ1830 በኒው ዮርክ ግዛት የተመሠረተ ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር «መጽሐፈ ሞርሞን» የሚባለውን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ይቀበላሉ። አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በሐሳብ አንድ የሆኑ ሦስት የተለያዩ ህላዌዎች ናቸው ብለው ያስተምራሉ። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት ያስተላለፉልን ግን ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን ነው። ልዩነቱ የአነጋገር ብቻ አይደለም፤ የእምነት መሠረት የሆነውን ምሥጢረ ሥላሴን የሚነካ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ2001 የእነርሱን ጥምቀት እንደማትቀበል ያስታወቀችው በዚሁ ምክንያት ነው። ልጁ ሳይቆጣ አዳመጠኝ፤ ያመነበትንም ሳይሸሽግ ነገረኝ።

ሌላም ከባድ ጥያቄ ነበረኝ። ተቋሙ እ.ኤ.አ. ከ1852 ጀምሮ ጥቁር ወንዶችን ለክህነት አያበቃም ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በሰኔ ወር 1978 ነው። ፊልጶስ የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ የቆዳ ቀለም ሳይጠይቅ ያጠመቀው ገና በሐዋርያት ዘመን ነው። ይህን ስል ፈረንጁ ልጅ አንገቱን ደፋ። የመለሰልኝ ዩጋንዳዊው ነው፦ «አባቴም ይህን ጠይቆኛል። እኔ ዛሬ የያዝሁትን አገልግሎት አያቴ ሊይዝ አይችልም ነበር። ስህተት ነበር እላለሁ፤ ለዚህ ሰበብ አልፈልግለትም። ያመንሁት ግን በሰዎቹ ሳይሆን በክርስቶስ ነው» አለ። መልሱ ጥያቄዬን ባይዘጋውም ከልብ የተነገረ ስለ ነበር አከበርሁት።

የጥር 19 ጾም

እናቴ ወደ ቆቃ የመጣችው በ1977 ዓ.ም ከወሎ ነው። በዚያ ዘመን የሆነውን አንባብያን ታውቃላችሁ። እኔ ሕፃን ሆኜ በጀርባዋ ታዝዬ ነበር፤ ሁለቱ ታላላቆቼ ግን ከመንገድ አልተሻገሩም። እናቴ ይህን ለእንግዳ አታወራም። በዚያን ቀን ግን ልጁ ስለ ጾም ጠየቃትና ጥቂት ነገረችው።

ልጁም ዝም ብሎ ቆየና አያቱ የነገረችውን አወሳ። እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 1985 በአሜሪካና በካናዳ ያሉ የዚህ እምነት ተከታዮች ስለ ኢትዮጵያ ረኀብ እንዲጾሙና የሁለት ማዕድ ዋጋ እንዲሰጡ ተጠየቁ። በዚያ አንድ ቀን ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ራሳቸው በአገራችን ተቋም ስላልነበራቸው ርዳታው በቀይ መስቀልና በካቶሊክ የርዳታ ድርጅት በኩል ጭምር ደረሰ። በመጋቢት ወርም ራስል ባላርድና ግሌን ፔስ የተባሉ መሪዎቻቸው ሁኔታውን ለማየት ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ተቋሙ በአገራችን ሕጋዊ እውቅና ያገኘው ግን ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ የአዲስ አበባ ሚሲዮንም የተቋቋመው በ2020 ነው።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መለስሁት፤ ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም ሆነ። ዕለቱ እሑድ ነበር። በእኛ ሥርዓት በሰንበት ከእህል ውኃ መከልከል አይፈቀድም። ይህን ለእናቴ ስነግራት እጇን አወዛወዘችብኝ። «ተወው ልጄ። እኔ በዚያን ጊዜ የበላሁት ስንዴ የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ለካ የማላውቃት ሴት ምሳዋን ትታልኝ ኖሯል» አለች። ስንዴው በእርግጥ ከየትኛው እጅ እንደ መጣ ማንም ሊነግራት አይችልም። እርሷ ግን የምታመሰግነው ሰው በማግኘቷ ፊቷ በራ።

የሁለት እናቶች ሰላምታ

ያ ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር የልደት በዓል ነበር። ቀድሞ እነዚህ ወጣቶች ወደ ቤታቸው ስልክ የሚደውሉት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በልደትና በእናቶች ቀን ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2019 ወዲህ ግን በየሳምንቱ ተፈቅዷል። ልጁ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ደወለ፤ በዩታ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነበር። እናቱ ልጇን ስታይ እንባዋን መቆጣጠር አልቻለችም። እርሱም ስልኩን ወደ እናቴ አዞረ። ሁለቱ እናቶች አንዲት ቃል ሳይግባቡ ደረታቸውን በእጃቸው እየነኩ ሰላምታ ተለዋወጡ። እናቴ በአማርኛ «ልጅሽ በልቷል፣ አታስቢ» አለቻት። ተረጎምሁላት፤ የወዲያኛዋም እናት ደጋግማ አመሰገነች።

መኪናዋ ተጠግና ሲነሡ እናቴ የጠቀለለችላቸውን ዳቦ ሰጠቻቸው። እኔም እምነቴን እንደማልለውጥ፣ በሬ ግን እንደማይዘጋባቸው ነግሬ ሸኘኋቸው።

ለቤተሰቦቻችን

ክቡራን አንባብያን! ስለ ውጭ አገር መልእክተኞች መጠንቀቃችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት ከተቀበሉ በኋላ የፈሰሰውን ደም፣ በ1632ም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ዙፋኑን እስኪለቁ የሆነውን ታሪክ አልዘነጋውም። በሌላ በኩል ደግሞ በአክሱም ብርሃንን የገለጡልን አባ ሰላማ ከጢሮስ በልጅነታቸው የመጡ ስደተኛ ነበሩ፤ ተስዓቱ ቅዱሳንም ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ስለዚህ የመጣውን ሁሉ መቀበልም፣ የመጣውን ሁሉ ማባረርም የአባቶቻችን መንገድ አይደለም። እንግዳውን አስተናግዶ ትምህርቱን መመርመር ነው።

ለመመርመር ግን ማወቅ ያስፈልጋል። እነዚያ ወጣቶች ከሄዱ በኋላ ያስጨነቀኝ የእነርሱ ትምህርት አልነበረም። የ19 ዓመት ልጅ ያመነበትን ቁጭ ብሎ ሲያስረዳ፣ በቤቴ የነበሩት የእኔ ልጆች ግን ጾመ ነቢያትን ለምን እንደምንጾም ሲጠየቁ ወደ እኔ ዘወር አሉ። እኔ ዲያቆን ሆኜ በቤቴ ያላስተማርሁትን ማን ያስተምርልኝ? ከዚያ ምሽት ጀምሮ ከእራት በፊት ጥቂት ደቂቃ ከልጆቼ ጋር ስለ ሃይማኖታችን እንነጋገራለን። ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን አይቋረጥም።

እናቴ ደግሞ የራሷን ሥርዓት ሠራች። ባለፈው ጥር 19 ቀን በማለዳ ተነሥታ አንድ ቁና ስንዴ ቀቀለችና ከአትክልት እርሻ ለቀን ሥራ ከየአገሩ ለመጡ ወጣቶች በሰፌድ አዳረሰች። «ዕዳ ነው» አለችኝ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።