የእማዬ ጠገራ ብር

የየመን የብር ሳንቲሞችን እሰበስባለሁ። ከሁሉም የምወደው በኢማም ያህያ ዘመን ሰንዓ የተሠራውን ሪያል ነው። የሰው መልክ የለበትም፤ በአረብኛ ጽሑፍ ያጌጠ ነው።

በቅርቡ እማዬ ግሪንቤልት እኛ ቤት መጥታ ሪያሉን በመዳፏ ያዘችው።

«ይሄማ ጠገራ ብር ነው!» አለች።

«አይ እማዬ፣ የየመን ነው» አልኳት።

ሳቀችና ከአንገቷ ላይ የራሷን አውልቃ አጠገቡ አስቀመጠችው። መጠናቸው አንድ ሆነ!

ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያዋ ገዢ የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ሳንቲም ነው። 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ነጋዴዎች ቡናና ሌላም ዕቃ ሲገዙበት በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ተለመደ። ስለዚህ ኢማሙ የራሳቸውን ሪያል ሲያሠሩ ሕዝቡ የለመደውን መጠን ያዙ። ከእሳቸው በፊት አፄ ምኒልክም እንዲሁ አድርገው ነበር፤ ፓሪስ የተሠራው ብራቸው 1887 ዓ.ም. ተጽፎበታል። የገንዘባችን ስም «ብር» የሆነውም ከማዕድኑ ነው።

በእማዬ ሳንቲም ላይ 1780 የሚል ቁጥር አለ። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላም ሳንቲሙ በዚያው ቁጥር ሲሠራ ስለኖረ፣ ቁጥሩን አይቶ ዕድሜውን ማወቅ አይቻልም።

የእማዬ ሳንቲም ማንጠልጠያ ተበይዶበታል። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ብዙም አይፈልጉትም። እኔም እንደ ሰብሳቢ አሰብኩና፣ «ማንጠልጠያውን ላስነሳልሽ? አጽድቼም አስቀምጥልሻለሁ» አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። «ያሠራችልኝ እናቴ ናት። ለሠርጌ። እሱን ካነሳኸው ምን ይቀረኛል?» አለችኝ።

አፈርኩ። ስንት ዓመት ሳንቲም ስሰበስብ የየመኑን ታሪክ አጥንቻለሁ፤ የእናቴን ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም። ያን ምሽት ወረቀት አወጣሁ። እሷ ተናገረች፣ እኔ በአማርኛ ጻፍኩ። ስሳሳት ልጄ ሳቀችብኝ።

እናንተም ቤት ጠገራ ብር ካለ፣ አትወልውሉት፤ መወልወል ዋጋውን ይቀንሳል። መጀመሪያ ግን እናታችሁን ወይም አያታችሁን፣ «ይህ የማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።