ለዘመተ ባል፣ ለዘመተች ሚስት፦ ቤት የተጋገረ ስንቅ እንዴት ይላካል?

በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ባል ወይም ሚስት ለወራት ወደ ኩዌት፣ ወደ ደቡብ ኮሪያ ወይም ወደ ጅቡቲ ሲላክ፣ ቤት የቀረው ወገን ቶሎ የሚያስበው የእጁን ሙያ ማቅመስ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው። ነገር ግን ሣጥኑ መንገድ ላይ ሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል፣ የሚላከው ተቀባዩ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ሳይሆን፣ ከሚወደው መካከል መንገዱን የሚችለው መሆን አለበት።

የተጋገረን ነገር መንገድ ላይ የሚያበላሸው በዋናነት በውስጡ የቀረው ውሃ ነው። ድፎ ዳቦ ቅርፊቱ ቢደርቅም ውስጡ እርጥብ ነው፤ በፌስታል ታሽጎ ሁለት ሳምንት ሙቀት ውስጥ ከከረመ ይሻግታል። ህምባሻም፣ ለስላሳ ኬክም፣ የሙዝ ዳቦም ዕጣቸው ያው ነው።

ዳቦ ቆሎ ግን ለዚህ ጉዞ ተስማሚ ነው። ትንንሽ ስለሆነ እስከ መሃሉ ይደርቃል፤ እንቁላልና ወተት አይፈልግም፤ ቢጋጭም አይፈረፈርም። ለመላክ ሲሆን በዘይት ከመጥበስ በምጣድ ማመስ ወይም በኦቭን መጋገር ይሻላል፤ ብዙ ዘይት የጠጣ ነገር ሙቀት ሲያገኘው ዘይቱ ይበላሽና የቆየ ሽታ ያመጣል። ከበሰለ በኋላ ኦቭኑን ወደ 200 ፋራናይት፣ ማለትም ወደ 93 ሴንቲግሬድ ገደማ ዝቅ አድርገው እንደገና ያድርቁት። መድረቁን ለማወቅ አንዷን ፍሬ ያቀዝቅዙና ይስበሯት፤ ቀጭ ብላ ካልተሰበረች ይመልሱት። ሲታሸግ ደግሞ ፈጽሞ መቀዝቀዝ አለበት። ትኩሱን ካሸጉት እንፋሎቱ ፌስታሉ ውስጥ ውሃ ይሆንና ያ ሁሉ የማድረቅ ድካም ከንቱ ይቀራል።

ከፈረንጆቹም ይህን መንገድ የሚችሉ አሉ። የጣሊያኖቹ ቢስኮቲ ሁለት ጊዜ ስለሚጋገር ደረቅ ነው። አውስትራሊያውያንና ኒውዚላንዳውያን አንዛክ የሚሉት የአጃ ብስኩት እንቁላል የለውም፤ የሚያያይዘው ሽሮፕ ነው። የዝንጅብል ብስኩትም ጥሩ ነው። ቸኮሌት ግን ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት ከፍ ሲል ይቀልጣል፤ የኩዌት የበጋ ሙቀት ደግሞ ከ45 ያልፋል። ስለዚህ ቸኮሌት ያለበትን ብስኩት ለቀዝቃዛው ወራት ያቆዩት።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ኬክ ጋግሮ ትኩሱን ክዳን መግጠም ለዘመተ ሰው የሚላክ ጥሩ ስጦታ ነው ተብሎ ሲመከር ይሰማል። አያድርጉት። ማሰሮው ሲዘጋ አየር ያጣል፤ ኬኩ እርጥበት አለው፤ ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚመቸው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። መርዙ ሳይሸትና ሳይታይ ሊኖር ይችላል። የአሜሪካ የምግብ ደኅንነት ባለሙያዎችም ይህን አሠራር ይከለክላሉ።

ሲያሽጉ ደረቁን ከለስላሳው አያቀላቅሉ፤ እርጥበቱ ይሻገርና ደረቁ ይለሰልሳል። በርበሬ ያለው ዳቦ ቆሎም ከስኳሩ ተለይቶ ይታሸግ፤ ሽታው ይጋባልና። ክብ ብስኩቶችን ጀርባ ለጀርባ ገጥመው፣ በቆርቆሮ ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ዕቃ ይደርድሯቸው። በዕቃውና በሣጥኑ መካከል ያለውን ክፍተት አረፋ ባለው ፕላስቲክ ይሙሉት። ሣጥኑን ሲያናውጡት ድምፅ ከተሰማ ገና ይቀረዋል ማለት ነው።

የአሜሪካ ፖስታ ቤት ወደ ጦር ሰፈር የሚላክን ዕቃ የሚያስከፍለው በአገር ውስጥ ዋጋ ነው፤ ሣጥኑ ውቅያኖስ ቢሻገርም እንደ ውጭ አገር ዕቃ አይቆጠርም። ዋጋው በክብደት የማይለወጠው ፍላት ሬት ሣጥን ለዚህ ይመቻል፤ እስከ 70 ፓውንድ፣ ማለትም 32 ኪሎ ገደማ ይይዛል። ትልቁ ሣጥን ለወታደር ሲላክ ቅናሽ አለው። ፖስታ ቤቱ ሣጥን፣ ፕላስተርና የጉምሩክ ቅጽ ያለበትን የወታደር ጥቅል ለሚጠይቅ ሰው በነጻ ይልካል።

አድራሻው ላይ ሙሉ ስም፣ የጦር ክፍሉ፣ ከዚያም ኤፒኦ (APO) ወይም ኤፍፒኦ (FPO) የተባለው የወታደር ፖስታ ምልክት ከነቁጥሩ ይጻፋል። ኤፒኦ ለምድር ጦርና ለአየር ኃይል፣ ኤፍፒኦ ለባሕር ኃይል ነው። የአገሩንና የከተማውን ስም ግን በፍጹም አይጻፉ፤ ሣጥኑ ከወታደሩ ፖስታ ወጥቶ ወደዚያ አገር ፖስታ ቤት ሊሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ደግሞ «ለማንኛውም ወታደር» ተብሎ የተላከ ዕቃ አይስተናገድም። አንድ ወረቀት ላይ ያንኑ አድራሻ ጽፈው ውስጥም ያስቀምጡ፤ የውጩ ቢቀደድ ይጠቅማል።

የጉምሩኩ ቅጽ ላይ «ምግብ» ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም። «ዳቦ ቆሎ» ቢሉትም የሚያውቀው የለም፤ የተጋገረ የስንዴ ብስኩት መሆኑን በእንግሊዝኛ ይግለጹ። ክልከላው እንደ ቦታው ይለያያል፤ ፖስታ ቤቱ በእያንዳንዱ ኤፒኦ ቁጥር ያስቀመጠውን ዝርዝር ከመላክዎ በፊት ይመልከቱ። የአሳማ ውጤት የተከለከለበት ቦታ ከሆነ ላርድ የተባለው የአሳማ ስብ የገባበት ብስኩትም አይሄድም። ኦቾሎኒ ካለበት ዕቃው ላይ ይጻፉት፤ ወታደር ብቻውን አይበላም፣ ከጓዶቹ መካከልም አለርጂ ያለበት ሊኖር ይችላል።

የመንገዱ ጊዜ ቁርጥ አይደለም። ፕራዮሪቲ ሜይል የተባለው የፖስታ ቤቱ አገልግሎት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ቀን እስከ 3 ሳምንት ይወስዳል፤ መርከብ ላይ ላለ ሰው ሊዘገይ ይችላል። ርካሹ የምድር አገልግሎት ከወር በላይ ሊቆይ ስለሚችል ለምግብ አይሆንም። የእኛ ገና በፈረንጆቹ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ቢውልም ሣጥኑ የሚሄደው የፈረንጆቹ ገና ፖስታውን ባጨናነቀበት ወቅት ነው፤ ስለዚህ በዲሴምበር መጀመሪያ መላክ ያስፈልጋል።

ተቀባዩ ጿሚ ከሆነ ደግሞ የሚደርስበትን ቀን እንጂ የሚላክበትን ቀን አይቁጠሩ። ከሁዳዴ በፊት የተላከ የቅቤ ብስኩት ጾሙ መሃል ይደርስና እስከ ፋሲካ ተዘግቶ ይቀመጣል፤ በጥቂት ዘይት የታሸ ዳቦ ቆሎ ግን በደረሰበት ቀን ይበላል። የመጀመሪያው ሣጥን ትንሽ ይሁን። ሲደርስ የቱ እንደተሰበረ፣ የቱ እንደለሰለሰ፣ ስንት ቀን እንደፈጀ ይጠይቁትና ሁለተኛውን በዚያ ልክ ያዘጋጁ።