ከአማኑኤል እስከ ፈረስ ቤት፦ ራስን ማጥፋትን የመከላከልና የአእምሮ ጤና አገልግሎትን ወደ ወረዳ የማውረድ ጥረት

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው ዋና መንገድ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ያቋርጣል፤ የደጋ ዳሞት ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ፈረስ ቤትን ግን አያገኛትም። በዚህ ደጋ የሚኖር አንድ አባወራ ልጁ እንቅልፍ አጥቶ፣ ከሰው ርቆ፣ «መኖር ሰለቸኝ» ሲል ቢሰማው አስቀድሞ የሚያስበው ጸበልን ነው። ጸበሉ ላይ ጊዜ ካለፈ በኋላ ወደ ጤና ተቋም ሊያመራ ይችላል። ታዲያ በዚያ ምን ይጠብቀዋል? መንግሥት በአእምሮ ጤና ረገድ ያወጣቸው ስትራቴጂዎች የሚመዘኑት በዚህ ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍ አገልግሎቱ ከመዲናዋ ወደ ወረዳ የወረደበትን ሂደት፣ ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ያለውን ፋይዳና ያልተሟሉለትን ጉዳዮች ያብራራል። (ዓመተ ምሕረቶቹ «እ.ኤ.አ.» ካልተባሉ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የአንድ ሆስፒታል ዘመን

በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። ከጎጃምም ሆነ ከባሌ የሚመጣ ታማሚ መድረሻው ይኸው ነበር። ሁኔታው መለወጥ የጀመረው በ1987 እ.ኤ.አ. የሥነ አእምሮ ነርሶች ሥልጠና በአማኑኤል ሲጀመርና ተመራቂዎቹ በየክፍለ አገሩ ሆስፒታሎች ሲመደቡ ነው። ሐኪሞችን በሥነ አእምሮ ሕክምና የሚያሠለጥነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስፔሻሊቲ ትምህርት ደግሞ በ1995 ተጀመረ፤ ከዚያ በፊት ስፔሻሊስት ለመሆን ወደ ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር።

የክፍተቱን ስፋት በቁጥር ያሳየው በቡታጅራና አካባቢው የተካሄደው ጥናት ነው። ከ1990 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68,000 በላይ ሰዎች በቤት ለቤት ቅኝት ተዳርሰዋል። ስኪዞፍሬንያ ከተገኘባቸው ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ቡታጅራ ለአዲስ አበባ ቅርብ መሆኗ ሲታሰብ እንደ ደጋ ዳሞት ባሉ ወረዳዎች የነበረውን ሁኔታ መገመት አያዳግትም።

ሥራን የማጋራት መንገድ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. የአእምሮ ጤና ክፍተትን ለመሙላት መርሐ ግብር ሲያወጣ ኢትዮጵያ ቀድመው ከተገበሩት አገሮች አንዷ ሆነች። የመርሐ ግብሩ እሳቤ ግልጽ ነው፤ ስፔሻሊስት እስኪበዛ ከመጠበቅ ይልቅ በጤና ጣቢያ ያለውን ነርስና ጤና መኮንን በአጭር ሥልጠና ማብቃት፣ ከበላይ ሆስፒታልም በክትትል መደገፍ። ከ2005 እስከ 2008 የተተገበረው የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ይህንኑ መንገድ የመንግሥት አቋም አደረገው፤ ከ2020 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. የተያዘው ስትራቴጂያዊ ዕቅድም አስቀጠለው።

እሳቤው በጥናትም ተፈትሿል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በጤና ጣቢያ ያገኙት ክትትል በሥነ አእምሮ ነርሶች ከሚሰጠው ያላነሰ ውጤት እንዳለው በቡታጅራ አካባቢ የተካሄደና በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራዊ ጥናት አሳይቷል። ይሁንና በሶዶ ወረዳ የተካሄዱ ጥናቶች ሌላ እውነታ አክለዋል፤ የጤና ባለሙያዎች ድብርትን የመለየት አቅም ከሥልጠና በኋላም ዝቅተኛ ነበር። ምክንያቱን መረዳት አይከብድም። የድብርት ታማሚ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ «አዝኛለሁ» አይልም፤ «ራሴን ያመኛል፣ ልቤን ይመታኛል፣ ያቃጥለኛል» ነው የሚለው። ባለሙያውም የተነገረውን አካላዊ ሕመም አክሞ ይሸኘዋል። ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ወሳኝ የሆነው አጋጣሚ የሚያልፈው በዚህች አጭር ቆይታ ነው። ስለ ሞት ሐሳብ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራም፤ ይልቁንም ታማሚው የተሸከመውን እንዲያወርድ በር ይከፍታል። ስለሆነም ሥልጠናው ይህን ጥያቄ በአማርኛ፣ በአክብሮትና ያለ ፍርሃት የመጠየቅ ልምምድን ሊያካትት ይገባል።

ከጤና ተቋም ውጭ ያለው መከላከል

በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ራስን ማጥፋትን ለመከላከል አራት ዋና ተግባራትን ለይቷል፦ ለድርጊቱ የሚውሉ ነገሮችን ተደራሽነት መገደብ፣ መገናኛ ብዙኃን በኃላፊነት እንዲዘግቡ ማድረግ፣ የወጣቶችን ስሜትን የመግዛትና ችግርን የመፍታት ክህሎት ማዳበር፣ እንዲሁም ለአደጋ የተጋለጡትን ቀድሞ ለይቶ መርዳትና መከታተል። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው በዋናነት የሕክምና ባለሙያ ሥራ የሆነው።

ለምዕራብ ጎጃም የመጀመሪያው ተግባር ልዩ ትርጉም አለው። በዓለም ደረጃ ራስን ከማጥፋት ሞቶች ከአምስቱ አንዱ ያህል ከፀረ ተባይ ኬሚካል ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይገመታል፤ አብዛኞቹም የሚደርሱት በገጠር ነው። ቡሬና አካባቢዋ በበቆሎ የታወቁ ናቸው፤ ፀረ ተባይና ፀረ አረም የገበሬው የዘወትር ግብዓት ሆኗል። ራስን የማጥፋት ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ በዚያች ሰዓት አደገኛ ነገር በቅርብ አለመኖሩ ሕይወትን ያተርፋል። ስሪ ላንካ እጅግ መርዛማ ፀረ ተባዮችን ደረጃ በደረጃ በማገዷ ራስን የማጥፋት መጠን 70 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ ከ1995 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. 93,000 ያህል ሕይወት እንደተረፈም ይገመታል። የግብርና ምርቷ በእገዳው ምክንያት አልቀነሰም። በኢትዮጵያ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስለዚህ ከብርቱዎቹ የመከላከያ መሣሪያዎች አንዱ የሚገኘው በግብርና ዘርፍ እጅ ነው። የግብርና ልማት ሠራተኛው ኬሚካሉ ተቆልፎ እንዲቀመጥ የሚሰጠው ምክር ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ምክር እኩል ሕይወት አዳኝ ነው።

ሕግ፣ ነውርና መዝገብ

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ያነሣሣን ወይም የረዳን እንጂ ሞክሮ የተረፈን ሰው አይደለም። በዚህ ረገድ ሕጉ ሙከራን በወንጀል ከሚቀጡ አገሮች ይሻላል። ነውሩ ግን ከሕጉ ይበረታል። ራሱን ላጠፋ ሰው በልማድ ፍትሐት የማይደረግ በመሆኑ ሐዘንተኛው ቤተሰብ «ድንገት ታመመ» ብሎ መቅበርን ይመርጣል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ ቢጀመርም የሞት ምክንያት በዚህ መልኩ ሲሸሸግ መዝገቡ እውነቱን አይዝም፤ ያልተመዘገበ ሞት ደግሞ በጀት አያስመድብም።

ጸበልን በተመለከተ ከቅርብ ታሪክ የሚወሰድ ትምህርት አለ። በ1999 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ምእመናን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃረን በይፋ አስተምረዋል። ለአእምሮ ሕመምም ያው መንገድ ይሠራል። የጸበል ቦታ አገልጋይና የንስሐ አባት ከጤና ጣቢያ ጋር ከተቀራረቡ ታማሚው ከሁለት አንዱን ለመምረጥ አይገደድም።

የቀጠለው ፈተና

በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የተስፋፋው ግጭት ምዕራብ ጎጃምንም አዳርሷል። በግጭት በተጎዱ ማኅበረሰቦች ከአምስት ሰው አንዱ የአእምሮ ሕመም እንደሚኖርበት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ፍላጎቱ በሚጨምርበት በዚያው ጊዜ መንገድ ይዘጋል፣ መድኃኒት ይቋረጣል፣ ከሆስፒታል የሚደረገው የድጋፍ ጉብኝት ይቆማል። ሥራን የማጋራት ስልት የቆመው በእነዚህ ሦስት ምሰሶዎች ላይ ነውና አንዱ ሲወድቅ የሠለጠነው ነርስ ብቻውን ይቀራል፤ በየወሩ መድኃኒት ይወስድ የነበረ ታማሚም ሕመሙ ይመለስበታል።

ማጠቃለያ

ከአንድ ሆስፒታል ተነሥቶ እስከ ጤና ጣቢያ የወረደው አገልግሎት እውነተኛ እመርታ ነው፤ ስልቱ እንደሚሠራም ማስረጃ ተገኝቷል። ቀሪው ሥራ በአመዛኙ በወረዳ ደረጃ ሊከናወን የሚችል ነው፦ ለብዙ ወራት የሚበቃ የመድኃኒት ክምችት መያዝ፣ መንገድ ሲዘጋ በስልክ የሚቀጥል ክትትል መዘርጋት፣ የጤናና የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ፀረ ተባይን በጋራ እንዲቆጣጠሩ ማድረግ፣ ከካህናትና ከዕድር መሪዎች ጋር መመካከር፣ የሞት ምክንያትን ቤተሰብን በማያዋርድ መንገድ መመዝገብ። የፈረስ ቤቱ አባወራ ልጁን ይዞ ሲመጣ የሚያዳምጥ ባለሙያና በመደርደሪያ ላይ ያለ መድኃኒት ካገኘ ስትራቴጂው ግቡን መቷል፤ ካላገኘ ግን ሰነዱ ምንም ያህል ቢያምር ለእሱ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።