ፎርክሊፍት ሲቆም ፈረሱላው ስንት ያስከፍላል?

ዛሬ ከዋጋ ሰሌዳው ወጣ ብለን ስለ ጥገና እናውራ። ወጣ አልን እንጂ ነገሩ ከዋጋው አይርቅም።

በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት አብዛኛው ቡና ዛሬም የሚጫነው በሰው ትከሻ ነው። ፎርክሊፍት ያለው መጋዘን ግን ማሽኑ በመከር ከቆመበት ስሌቱ ይኸው፦ ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ 19,200 ኪሎ ነው፤ በፈረሱላ (17 ኪሎ) ሲካፈል ወደ 1,129 ፈረሱላ። ጭነቱ አንድ ቀን ዘግይቶ ዋጋው በፈረሱላ 50 ብር ብቻ ቢወርድ 56 ሺህ ብር ገደማ ሄደ ማለት ነው። እንግዲህ ከጋራዡ ጋር በ2 ሺህ ብር ስትከራከሩ መዋል ትርፍ አይደለም።

እዚህ ጥገና የሚሠሩት አብዛኞቹ ሁለት ሦስት ሰው ያላቸው ትንንሽ ጋራዦች ናቸው። እጃቸው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ዕቃ ነው። ዘይት የሚይዘው ሲልም ሆነ ሰንሰለቱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ የመለዋወጫ ዋጋ ዶላሩን ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ እኔ የዕቃውንና የእጁን ዋጋ ለየብቻ እንዲጽፉልኝ እጠይቃለሁ። የዕቃውን ቀድሜ እከፍላለሁ፤ የእጁን ከሙከራ በኋላ።

ሙከራው ቀላል ነው። ማሽኑ ከሚችለው ሳታሳልፉ የዕለት ጭነታችሁን፣ ለምሳሌ 20 ጆንያ (1,200 ኪሎ)፣ ከፍ አድርጉ። ሞተሩን አጥፉ፣ ምሰሶው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ከሥሩ ማንም እንዳይቆም! የታወቀው መለኪያ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ በ10 ደቂቃ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ መውረድ የለበትም ይላል። አዲስ የተጠገነማ ጭራሽ ያን ያህል ሊወርድ አይገባም። ከወረደ ዘይት እያሳለፈ ነው፤ ክፍያው ይቆይ።

ሰንሰለት ላይ ድርድር የለም። አንድ ጋራዥ የተበየደ ሰንሰለት አቅርቦልኝ አልተቀበልኩም፤ ብየዳ ብረቱን ያዳክመዋል። ከመጀመሪያ ርዝመቱ 3 በመቶ ከተለጠጠም ይቀየራል እንጂ አይጠገንም። በአጠገቡ የሚያልፈው ጫኝና አውራጅ የሰው ልጅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሠራተኛ ደኅንነት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ «ጋራዡ ነው» ማለት አያዋጣም።

መከሩ ሳይደርስ፣ በክረምት አስፈትሹ፤ ያኔ ጋራዡም ፋታ አለው፣ እናንተም አትጣደፉም።

የነገ ዋጋ እንደተለመደው በጠዋት። ቸር ያውለን።